የማሬ ካርድ

ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ የእማሆይን የምድጃ አመድ ልደፋ ወጥቼ አመዱ ውስጥ ክኒን አገኘሁ። ከአጥሩ ሥር ስገለብጠው ነፋሱ አመዱን ወሰደና ነጫጭ ክቦች መሬት ላይ ቀሩ። ግማሾቹ ጠቁረዋል፤ ግማሾቹ ትናንት ከእጄ የወጡ ይመስላሉ። ጎንበስ ብዬ ለቃቀምኳቸው። አሥራ ዘጠኝ ነበሩ።

እማሆይ አመተ ማርያም የባለቤቴ እናት ናቸው። ባለቤቴ ወንዳወቅ ካረፈ ያን ጊዜ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። አሟሟቱን በሰቆጣ የማያውቅ የለምና እዚህ አላነሣውም። ሙት ዓመቱ በወጣ በሳምንቱ እናቱ ቆብ ጫኑ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስማቸው ማሬ ነበር፤ ማሬ ይግዛው፣ ልጃቸውን ተከትለው ከጽጽቃ ወደ ሰቆጣ የገቡ ሴት። በምንኩስናቸው ዕለት ለሙት የሚደረሰው ጸሎት ተደረሰላቸውና ማሬ እዚያው ቀረች ተባለ፤ አመተ ማርያም ተነሡ። ደብሩ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሁሉ አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም። በማግስቱ የፈተና ወረቀት ላርም ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ልጅ የሞተባት እናት የምትገባበት በር አላት። ባል የሞተባት የኬሚስትሪ አስተማሪ ሰኞ ጠዋት የምትገባበት በር የአሥራ አንደኛ «ለ» ክፍል በር ነው።

አብረን መኖራችን ግን አልቀረም። እርሳቸው ከቤቴ ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል፣ እኔ በፊት ለፊቱ ቤት። ስኳር ከተገኘባቸው ዘጠኝ ዓመት ሆኗል፤ ኋላ ግፊት ተጨመረ። ሆስፒታሉ ያዘዘላቸው ጠዋት ለስኳሩ አንድ ግሊቤንክላሚድና አንድ ሜትፎርሚን፣ ደግሞም አንድ የግፊት ክኒን፣ ማታ ደግሞ አንድ ሜትፎርሚን ነው። በየወሩ ሄጄ ካርዳቸውን አስወጥቼ መድኃኒቱን የምቀበለው እኔ ነኝ። ሐኪሞቹ «እሳቸውን አምጫቸው እንጂ» ባሉኝ ቁጥር «መንገዱ ይከብዳቸዋል» እላለሁ። ከመነኮሱ ወዲህ ወደ ሆስፒታል እግራቸውን አላነሡም። አልሄድም ሲሉኝ ዕድሜያቸው ነው፣ ምናኔያቸው ነው እያልኩ ተውኩት። ከዓመት ወዲህ ደግሞ መለኪያ ገዝቼ እቤት እየለካሁ ቁጥሩን በወረቀት እወስድላቸዋለሁ፤ ሐኪሙም ቁጥሩን አይቶ «ጥሩ ነው፣ በዚሁ ይቀጥሉ» ይላል።

ቁጥሩ ጥሩ በመሆኑ እኮራ ነበር። ሠላሳ ጉድጓድ ያላቸው ሁለት የእንቁላል ትሪዎች አሉኝ፤ አንዱ የጠዋት፣ አንዱ የማታ። በወር መጀመሪያ በየጉድጓዱ የቀኑን ክኒን እያስቀመጥኩ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኜ ክፍላቸው መደርደሪያ ላይ አኖርላቸዋለሁ። ማንበብ ዳዊት ብቻ ነው የሚያውቁት፤ ጉድጓድ ማየት ግን ፊደል አይጠይቅም። አንድ ጉድጓድ ባዶ ከሆነ አንድ ቀን ተወስዷል ማለት ነው። እንዲያ ነበር የማምነው።

አሥራ ዘጠኙን ክኒን በመዳፌ ይዤ ገባሁባቸው።

«ይህ ምንድን ነው እማሆይ?»

ዳዊታቸውን ሳያጥፉ አዩት። «አመድ ነካክቶሻል፤ እጅሽን ታጠቢ።»

«ለምን ይጥሉታል?»

«ይከብደኛል።»

«ምኑ ነው የሚከብደው? ይቺን የምታህል ክኒን?»

«አንቺ ሁሉን በሚዛን ታይዋለሽ» አሉና ወደ ንባባቸው ተመለሱ።

ከማግስቱ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ውሃ በኩባያ ይዤ ክፍላቸው በር ላይ እቆም ነበር። ክኒኖቹን በእጄ እሰጣቸዋለሁ፣ ይውጣሉ፣ «አፍዎን ይክፈቱ» እላለሁ፣ ይከፍታሉ። የሰባ አንድ ዓመት መነኩሲትን እንደ ተማሪ አፋቸውን አስከፍቼ አይ ነበር። አልተቃወሙኝም። አንድ ቀን ብቻ፣ ምላሳቸውን አውጥተው ካሳዩኝ በኋላ፣ «ተማሪዎችሽንስ እንዲህ ነው የምታደርጊያቸው? አንቺን የሰጣቸው እግዜር ይርዳቸው» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

መውደቅ የጀመሩት በታኅሣሥ ነው።

የገና ጾም ነበር። ቅዳሴ ላይ እንዳሉ ላብ አጠመቃቸው፤ ሁለት ሴቶች ደግፈው ወደ ቤት አመጧቸው። ጋቢያቸው ረጥቦ ከገላቸው ተጣብቋል። ዓይናቸው ያየኛል፣ ግን አያውቀኝም። የሚናገሩት በኽምጣኛ ብቻ ነበር፤ ከልጅነታቸው ቋንቋ በቀር አፋቸው ላይ የቀረ አልነበረም። እኔ ኽምጣኛን በጆሮ እንጂ በአፍ አላውቀውም፤ ውሃ ማለታቸውን ብቻ ለየሁ። ጣታቸውን ወግቼ ለካሁ፤ ከሰባ መውረድ የሌለበት ስኳር አርባ ስድስት ሆኗል። ስኳር በውሃ በጥብጬ በማንኪያ አጠጣኋቸው። በሩብ ሰዓት ውስጥ ተመለሱና፣ «ቅዳሴው አለቀ?» አሉ።

«ጠበሉ ነው የመለሳቸው» አለች ከደገፏቸው ሴቶች አንዷ። ፊታቸው ላይ ጠበል ረጭተውባቸው ነበር።

«ስኳሩ ነው» አልኳት።

«ይሁና። ጠበሉም አልጎዳቸውም» አለችኝ፤ ለመጨቃጨቅ አልፈለገችም።

ጾሙ ነው ብዬ ደመደምኩ። ማንም እንደዚያ ነው የሚለው። መድኃኒት ወስደው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መዋል ሰው እንደሚጥል አውቃለሁ፤ እንኳን እኔ መነኮሳቱም ያውቁታል። ለእርሳቸው ብነግራቸው እንደማይሰሙኝ ስለማውቅ የንስሐ አባታቸው ዘንድ፣ አባ ወልደ ኢየሱስ ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ እርሳቸውም ሪህ አለባቸው፣ ክኒንም ይውጣሉ። ወዲያው መጡልኝ።

«አመተ ማርያም፣ ጠዋት ትበያለሽ» አሏቸው ገና ከመቀመጣቸው።

«አባቴ፣ ስንት ዓመት የጾምኩትን...»

«ሰይጣንም ከተፈጠረ ጀምሮ እህል ቀምሶ አያውቅም። ጸደቀ? ጠዋት ትበያለሽ አልኩ። ቆሎም... ምንም፣ ያገኘሽውን ትበያለሽ። ይህ ትእዛዝ ነው፤ ካልሰማሽ ግን ሌላ አባት ፈልጊ።»

እማሆይ ጎንበስ ብለው መስቀል ተሳለሙ። ከማግስቱ ጀምሮ ክኒናቸውን ውጠው አጠገቤ አንድ ሳህን ሽሮ ይበላሉ። አሸነፍኩ ብዬ ነበር።

ከሳምንት በኋላ በልተው ወደቁ። ያን ጊዜ ትንሽ ነው የበሉት አልኩ። ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ሰኞ ግን ጾም አልነበረም፣ ቁርሳቸውንም ፊቴ ጨርሰው ነበር። አምስት ሰዓት ላይ አንዲት ጎረቤት እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሮጣ መጥታ ከክፍል አስጠራችኝ። ስደርስ አይናገሩም፣ ጥርሳቸው ተቆልፏል፤ በአፋቸው ምንም ማስገባት አልተቻለም። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናቸው። ማሬ ይግዛው ብዬ አስመዝግቤ ካርዳቸውን አስወጣሁ። በክንዳቸው የስኳር ውሃ ገባላቸው።

ሲነቁ ነርሷ ጎንበስ ብላ፣ «ማሬ! ማሬ፣ ይሰሙኛል?» አለቻቸው።

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ወጣቱ ሐኪም፣ ዶክተር ምሳው ይባላል፣ ካርዱን ከላይ እስከ ታች አነበበው። ደግሞ አነበበው። «በዚህ መጠንማ ቁርስ እየበሉ ደጋግመው ሊወድቁ አይገባም» አለኝ። «ኩላሊታቸውን እናየዋለን። ግን ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ? የባህል መድኃኒት፣ የጎረቤት ክኒን፣ ምንም ይሁን። ቤት ያለውን ሁሉ፣ የማይጠቅም የሚመስልዎትንም፣ በአንድ ፌስታል አድርገው ያምጡልኝ።»

«ሌላ የሚወስዱት የለም» አልኩት። «በእጄ ነው የምሰጣቸው።»

«ቢሆንም ይፈልጉ» አለ።

ቤት ስንገባ ጠየቅኳቸው። የለም አሉኝ። አመንኳቸው፤ መነኩሲት ይዋሻሉ ብዬ አላሰብኩም።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ የወላጆች ቀን ነበር። በከተማው ጤና ጣቢያ የምትሠራ ሲስተር አምሳለ የምትባል ሴት የልጇን ውጤት ልትጠይቅ መጣች።

«ኬሚስትሪ አርባ ሁለት?» አለች ወረቀቱን እያየች። «እኔ እናቷ በቀን መቶ ሰው መድኃኒት እያደልኩ እሷ ጨውና አሲድ መለየት ያቅታት?»

«ትለያለች፤ አትጽፍም እንጂ።»

«እቤት ስትገባ እጽፍላታለሁ» አለችና ሳቀች። ልትነሣ ስትል፣ «ለካ አንቺ ዘንድ ነው የሚኖሩት፤ እማሆይ ደህና ናቸው? ማክሰኞ ቀጠሯቸው አልፏቸዋል። መድኃኒታቸው መጥቷል በያቸው፣ ሳያልቅባቸው» አለችኝ።

«የምን መድኃኒት?»

«የስኳር ነዋ። የግፊቱም።»

ወረቀት እያገላበጥኩ ነበር፤ አቆምኩ። «በማን ስም?»

«በራሳቸው፣ እማሆይ አመተ ማርያም። ከዓመት በላይ ሆናቸው እኮ፤ መጀመሪያ ሲመጡ ስኳራቸው ከሦስት መቶ በላይ ነበር። ከዚህ በፊት መድኃኒት ወስደው ያውቃሉ ወይ ብላቸው፣ አመተ ማርያም መድኃኒት ቀምሳ አታውቅም አሉኝ። ሁለት ጊዜ ጨምረንላቸው ነው የተስተካከለላቸው። ቀጠሮ አክባሪ ናቸው፣ እንደሳቸው ያለ በሽተኛ የለኝም» አለች።

ቁጭ ብዬ ነገሩን ከመጀመሪያው አሰላሁት። ሲመነኩሱ የማሬን መድኃኒት ተዉት፤ ማሬ ሞታለችና። ትሪዬን በየቀኑ እያጎደሉ ምድጃ ውስጥ ይጥሉት ነበር። እኔ መለኪያ ሳልገዛ ስኳራቸው ወጣ፣ ታመሙ፣ ለእኔ ሳይነግሩ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደው በአዲሱ ስማቸው አዲስ ካርድ አወጡ። እኔ እቤት እየለካሁ በኩራት ለሆስፒታሉ የማቀርበው ጥሩ ቁጥር የጤና ጣቢያው ክኒን ቁጥር ነበር። ጥቅምት ላይ አመዱን አገኘሁና በራቸው ላይ ቆምኩ። ከዚያች ጠዋት ጀምሮ ሁለቱንም ይውጡ ነበር። ሦስት ጊዜ የጣላቸው ጾም አልነበረም።

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ክፍላቸው ገባሁ። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

«የጤና ጣቢያው መድኃኒት የት ነው ያለው?»

ይክዱኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልካዱም። ተነሥተው ከግድግዳው ላይ የዳዊታቸውን ማኅደር አወረዱ፤ ከመጽሐፉ ጀርባ እጃቸውን ከተው ሦስት የወረቀት ከረጢትና የጤና ጣቢያውን ካርድ አወጡና አልጋው ላይ አስቀመጡ። ክኒኑን አፍስሼ አየሁት። የእኔ ነጭ ነው፤ ይህ ደብዘዝ ያለ ሮዝ። ከረጢቱ ላይ የተጻፈው አንድ ነው፤ ግሊቤንክላሚድ። ያውም ጠዋት ሁለት።

«ይህ እኮ እኔ የምሰጥዎት ነው» አልኩ። «ያው መድኃኒት ነው። የፋብሪካው ቀለም ነው የተለየው። በቀን ሦስት ሲውጡ ነበር። ሊሞቱ ነበር!»

«እንዴት አውቃለሁ? ያንቺ ነጭ ነው።»

«ሐኪሙ ሌላ አለ ወይ ሲል ለምን አልተናገሩም?»

«የእኔን ጣይ ልትይኝ ነዋ። በእኔ ስም የተሰጠኝን።»

«ታዲያ የእኔን አልውጥም አይሉም?»

«ቆመሽ አፌን ታስከፍቺኛለሽ፣ አልውጥም ልበልሽ? ስንት ጊዜ እንጣላ? የሞተ ሰው መድኃኒት ነው ብልሽ ትስቂብኛለሽ፤ የተማርሽ ነሽ። ዝም ብዬ ዋጥሁት። ለሰላም ስል።»

«ቢነግሩኝ እኮ...» አልኩና ድምፄ ከፍ ስላለ ዝቅ አደረግሁት። «ቢነግሩኝ ያንን ካርድ እዘጋው ነበር።»

መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «አትዘጊውም» አሉኝ።

«ለምን አልዘጋውም?»

«ዓይናዲስ፣ እኔ ቆብ ጫንኩ እንጂ አልታወርኩም። በየወሩ መስኮቱ ላይ ካርዱን ሲያወጡት ከበላዩ የተጻፈውን ያነባሉ። ማሬ ይግዛው፣ ተጠሪ ወንዳወቅ። በራሱ እጅ ጽሑፍ ነው የተጻፈው፣ ያን ቀን እሱ ነበር የወሰደኝ። አንቺ እሱን ልታይ ትሄጃለሽ። እኔ እሱን ላለማየት ቀረሁ። የኔስ ይሻላል፣ ሰው አልጎዳም።»

ክኒኖቹን አንድ በአንድ ወደ ከረጢታቸው መለስኳቸው። ጎንበስ ብዬ ስለነበር ፊቴን አላዩትም። ያሉት ውሸት አልነበረም። ካርዱ ላይ የስልክ ቁጥሩን ሲጽፍ የሰባቷን ወገብ በአግድም ጭረት አቋርጧታል፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚጽፋት። በየወሩ ወረፋ ይዤ ሦስት ሰዓት የምቆመው ለዚያች ሰባት መሆኑን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለራሴም በዚህ ቃል አልተናገርኩም ነበር።

«ነገ ሆስፒታል እንሄዳለን» አልኳቸው። «ሁለቱም ካርድ አንድ ላይ ይታያል።»

«ማሬ ብለው ከጠሩኝ አልነሣም።»

«አይጠሩዎትም።»

«ያ የማሬ ካርድ ካለ አልገባም። ቁርጤን ነው የምነግርሽ። ቢጥለኝም ይጣለኝ።»

ከዚህ በኋላ ነገሩ በእኔ እጅ ነበር። የጤና ጣቢያውን ካርድ አስዘግቶ የሆስፒታሉን ማስቀጠል ይቻላል፤ ስሙን ማስተካከል ይቻላል፤ የዘጠኝ ዓመት ታሪክ ያለው እርሱ ላይ ነው። ለሐኪሙ ይህን ብነግረው ይስማማል። በማግስቱ መንገዱን ሁሉ ይህንኑ ሳሰላ ሄድኩ። ምክንያቱ እውነት ስለነበር፣ ካርዱን የምፈልገው ለዚያ ብቻ ነው ብዬ ራሴን ለማታለል ያመች ነበር። እማሆይ ከጎኔ በዘንጋቸው እየተደገፉ፣ በየሃምሳ እርምጃው እያረፉ ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ ሲያርፉ እጃቸውን ያዝኩ፤ ቀዝቃዛ ነበር፣ ላብ የለውም። ከመውጣታችን በፊት ለክቻቸው ነበር። ቢሆንም ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን የስኳር ብልቃጥ ነካሁት።

ዶክተር ምሳው ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አራገፈው። ነጩን በአንድ በኩል፣ ሮዙን በሌላ በኩል፣ የግፊቱን ለብቻ አደረገው። የግፊቱም እጥፍ ነበር። ከዚያ ካርዱን ገልጦ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈውን የድሮ የኩላሊት ምርመራ አሳየኝ፤ የሰኞውን ውጤት አጠገቡ አደረገው።

«ኩላሊታቸው ደክሟል» አለ። «ይህ ክኒን ደግሞ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ዘንድ ቶሎ አይወጣም፤ ይከማቻል። እንደ እርሳቸው ላለ ሰው አንዱም ይበዛል፤ እርሳቸው ሦስት ይወስዱ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ጨርሶ ይቆማል። ሜትፎርሚኑንም ቀንሰን በሁለት ሳምንት ደግመን እናያለን። ጤና ጣቢያው ይህችን ቀይ ጽሑፍ አላያትም። እኛም ያንን ካርድ አላየንም።» ቀና ብሎ አየኝ። «አንድ ሰው አንድ ካርድ ነው። የቱ ይቅር?»

እማሆይ ወለሉን ያያሉ። ዘንጋቸውን ይዘዋል፤ ሊነሡ እንደተዘጋጁ ገባኝ።

«የማሬ ይዘጋ» አልኩ።

«ታሪኩ ግን...»

«ይገልበጥ። የኩላሊቱም፣ ሁሉም ወደ አዲሱ ይገልበጥ። አዲሱ እዚህ ይምጣ።»

ካርድ ክፍል መስኮት ላይ የተቀመጠችው ሠራተኛ ሐኪሙ የጻፈውን አንብባ ካርዱን ተቀበለችኝ። ከአዲሱ ጋር እያስተያየች መገልበጥ ጀመረች። የላይኛው መስመር ላይ ስትደርስ፣ «ተጠሪ ወንዳወቅ» ብላ አነበበች። «ይህ ስልክ ይሠራል?»

«አይሠራም» አልኩ።

በእስክሪብቶዋ አንድ ጊዜ ሰረዘችው። «ካርዱ ወደ መዝገብ ቤት ይገባል» አለችና ማኅተም መታችበት። ልወስደው እችላለሁ ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም፤ እማሆይ አጠገቤ ቆመው ነበር።

«በአዲሱ ላይስ ተጠሪ ማን ይሁን?»

«ደብሩን ጻፊ» አሉ እማሆይ።

«ስልክ ያስፈልጋል እናቴ። ቢያምዎት የምንደውልለት ሰው።»

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው የእሷን ጻፊ» አሉ ወደ እኔ በዘንጋቸው እየጠቆሙ። ስሜንና ቁጥሬን ነገርኳት። ጻፈች።

«ምንዎ ናቸው?»

«ጎረቤቴ ናት።»

ሠራተኛዋ ወደ እኔ ቀና አለች፤ እንዳርማቸው ጠብቃ ይሆናል። እኔ አላረምኩም። በቆባቸው ሕግ ትክክል ናቸው፤ ልጅ የሌላት ሴት ምራት የላትም። ጎረቤት ብላ ጻፈች። እታች ፈረምኩ።

ፋርማሲው መስኮት ላይ ያለው ባለሙያ መድኃኒቱን በሁለት ከረጢት አድርጎ፣ በአንዱ ላይ ፀሐይ በሌላው ላይ ጨረቃ ሣለበት። እማሆይ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። የድሮውን ክኒን ሁሉ፣ ነጩንም ሮዙንም፣ ተቀብሎኝ ለየብቻ አኖረው። «ቤት የቀረ ካለ አይጣልም፣ እዚህ ይመለስ» አለ። ከዚያ ወረቀቱን አይቶ፣ «ጎረቤታቸው ነዎት?» አለኝ።

«አዎ።»

«ቤተሰብ የላቸውም?»

ድምፁ አግዳሚው ድረስ ይሰማ ነበር። እማሆይ ከአግዳሚው ላይ፣ ቀና ሳይሉ፣ «እግዚአብሔር አለ» አሉ።

«አለ፣ አለ» አለ ልጁ ደንገጥ ብሎ። ወደ እኔ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንግዲህ የድሮው መድኃኒት ገና ሰውነታቸው ውስጥ ስላለ ይህን ሁለት ሦስት ቀን ይጠብቋቸው። ላብ ካላባቸው፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ነገር ከተምታታባቸው ስኳር በውሃ ያጠጧቸውና እዚህ ያምጧቸው። ሌላ ሰው ክኒን ከሰጣቸው፣ ማንም ይሁን፣ መጀመሪያ ለእኛ ያሳዩን። የጎረቤት ነገር ሥራ እንደሚበዛብዎት አውቃለሁ፤ ግን ቢያንስ ጠዋት ጠዋት ብቅ ብለው ቢያዩዋቸው?»

«ብቅ እላለሁ» አልኩት፤ ከረጢቶቹንም ተቀበልኩ።